ለደህናው ኩላሊቴ

አምስት ሰዎች አልጋዬን ከበው ስለ ኩላሊቴ እየጸለዩ ነው። ኩላሊቴ ደህና ነው። የተበላሸው እግሬ ነው፤ ቁስሉ አመርቅዞ ነገ ጠዋት ሊቆረጥ ነው።

«ኧረ ተሳስታችኋል!» እላለሁ። ማን ሊሰማኝ! ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እማማ የሚሏቸው መሪያቸው እጃቸውን ግንባሬ ላይ ጭነው፣ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ኩላሊት ዳስሰው!» ይላሉ። «አሜን!» ሲባል የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል።

ኩላሊተኛው እስከ ትናንት እዚህ ነበር የተኛው። ዛሬ ጠዋት ነርሷ አልጋ አቀያየረችን። ይኸው በሩ አጠገብ አንገቱን አስግጎ፣ ጸሎቱን ስወስድበት እያየ እጁን ያውለበልባል።

እኔ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ በጸሎተኛ ስቀልድ ኖሬያለሁ። እህቴ «እጸልይልሃለሁ» ስትለኝ «ይልቅ ጎማ ግዢልኝ» ብያት፣ ከዚያ ወዲህ ዝር ብላ አታውቅም። መኪናው ከተገለበጠ ሁለት ወሩ ነው፤ ከሐኪምና ከነርስ በቀር የነካኝ ሰው የለም። የእማማ መዳፍ ሻካራ ነው፤ ግን ይሞቃል። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል።

«መንፈስ ነካው!» ይላል አንዱ ወፍራም ሰውዬ፣ በአንድ ዓይኑ እያጮለቀ። ከዚያ ሁለቱንም ይከፍታል። «እማማ... ይሄ እኮ እሱ አይደለም።»

«ውይ በሞትኩት! ይቅርታ ልጄ» ብለው እጃቸውን ያነሳሉ። ተንጋግተው ወደ በሩ ይሄዳሉ። ግንባሬን ይበርደኛል።

«ቆይ እንጂ!» ብዬ እጮሃለሁ። «ለደህናው ኩላሊቴ ግማሽ ሰዓት ጸልያችሁ፣ እግሬን ጥላችሁ ወዴት ነው?»

«ኧረ ሰዎቼን ልቀቅልኝ!» ይላል ኩላሊተኛው። ግን ዓይኑ እግሬ ላይ ያርፋል፤ ሐኪሙ የሚቆረጥበትን ቦታ በሰማያዊ እስክሪብቶ አስምሮበታል። ጉሉኮሱን ከነማንጠልጠያው እየጎተተ ይመጣል። «በሉ እሱን አስቀድሙ» ይላል። «የኔ ለነገ ይደርሳል።»

እማማ እጃቸውን ግንባሬ ላይ ይመልሳሉ። «አንተ ጀምር።»

«አልችልበትም፣ እማማ።»

«ምን ሆነሃል? እሱኑ ንገረው።»

ዓይኔን እጨፍናለሁ። ስንት ቀልድ የማውቀው ሰውዬ፣ አንድም አልመጣልህ ይለኛል።

«ጌታዬ፣ ፈርቻለሁ» እላለሁ። «ነገ ብቻዬን አታስገባኝ።»

«አሜን» ይላል በየአልጋው የተኛው በሽተኛ ሁሉ።