አሥር ነጥብ አራት

መኪናው አልፈጠነም። ጮኸ እንጂ አልፈጠነም፤ እኛ ደግሞ ዳገት ላይ፣ በተቃራኒው መስመር፣ ከአንድ ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና ጎን ተለጥፈናል።

ወንድሜ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ አያነሳም። በአዲሱ የአየር ማጣሪያ በኩል ሞተሩ ያገሳል፤ የፍጥነቱ ቀስት ግን ስልሳ አምስት ላይ ተተክሏል። በእኔ መስኮት የሚታየኝ የተሳቢው ጎማ ብቻ ነው። ብሎኖቹን መቁጠር እችላለሁ። ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ ግን ቀስ ብለው፣ በጣም ቀስ ብለው።

"ስሚው! ስሚው እንጂ!" ይላል። ፊቱ በርቷል።

"ተመለስ።"

"ወዴት ነው የምመለሰው? ልቀድመው እኮ ነው።"

ዞሬ አያለሁ። የወጣንበትን ክፍተት ከኋላ የመጣ መኪና ዘግቶታል። ከፊታችን የዳገቱ ጫፍ አለ፤ ከጫፉ ወዲያ ሰማይ እንጂ መንገድ አይታይም።

እንደማይቀድመው የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ጠዋት ሜዳው መንገድ ላይ ስልኬን ይዤ ጎኑ ተቀምጬ ነበር፤ ከአርባ ወደ ሰማንያ ለመድረስ ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅበት ልለካለት። በአሮጌው ማጣሪያ ሦስቴ ለካን። አማካዩ አሥራ አንድ ነጥብ ሁለት። ከዚያ መንገድ ዳር ቆሞ ኮፈኑን ከፈተና ፋብሪካው የገጠመለትን ሳጥን ነቅሎ፣ በቦታው ያንን ቀይ ሾጣጣ ነገር አሰረ። በአዲሱ የለካነው አንዴ ብቻ ነው። አሥራ አንድ ነጥብ አምስት።

አልገረመኝም። ሳጥኑ ከውጭ ቀዝቃዛ አየር ይስብ ነበር፤ ይሄኛው ከሞተሩ ጎን የጋለውን ይምጋል፤ የጋለ አየር ደግሞ ስስ ነው። ይህን ለማወቅ አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መቀመጥ እንኳ አያስፈልግም ነበር።

"ስንት መጣ?" አለኝ።

እውነቱን ብነግረው "እንድገመው" ይላል። ያልፈጠነው በነፋሱ ነው፣ በጎማው ነው፣ በእኔ ክብደት ነው እያለ እስከ ምሳ ሰዓት ያመላልሰኛል። ሥራ ነበረብኝ።

"አሥር ነጥብ አራት" አልኩት።

መሪውን በሁለት እጁ ደበደበው። ራሴን ስቦ ግንባሬን ሳመኝ። "የኔ ኢንጂነር!"

አሁን መስመር የቀየረው በዚያ ቁጥር ተማምኖ ነው።

ከጫፉ ላይ ነጭ ሚኒባስ ብቅ ይላል። መብራቱን ያበራል፣ ያጠፋል፣ ያበራል። ወንድሜ "ወይኔ እናቴ!" ይላል። ቀኝ እግሬ በእኔ በኩል የሌለውን ፍሬን ይረግጣል፤ ወለሉን ይረግጣል፣ ይረግጣል።

በድንገት የጭነት መኪናው ወደ ኋላ ይቀራል። ሾፌሩ ፍሬን ይዞልናል። ወንድሜ መሪውን ወደ ቀኝ ይጠመዝዛል፤ ሚኒባሱ ክላክሱን እንደያዘ በግራችን ሽው ሲል የነጂውን የተከፈተ አፍ አያለሁ። መኪናችን ይወዛወዛል። ከዚያ ቁልቁለቱ ላይ ነን።

ጥግ ይይዛል። ሞተሩን አያጠፋውም። የጭነት መኪናው ደርሶ ረጅም አካሉን በጎናችን እየጎተተ ያልፋል፤ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ በጣቱ ጭንቅላቱን ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርግልናል።

ወንድሜ ይስቃል።

"አየሽ አይደል? በድሮው ማጣሪያ ቢሆን አልቀን ነበር!"

ዓይኔ እየራቀ የሚሄደውን የጭነት መኪና ይከተላል።

"ምነው ፕሮፌሰር፣ ዝም አልሽሳ?"

"ሰውየው ፍሬን ባይዝልን ነበር የምናልቀው።"

"የምን ፍሬን? ጥለነው ሄድን እንጂ! እህት ዓለም፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነበር።" መሪውን እንደ ፈረስ አንገት ይደባብሰዋል። "ነገ እማዬንና ልጆቹን በዚሁ መንገድ ነው የማመጣቸው። ይሄን የመሰለ ጉልበት ይዤማ ከሰው ጭራ ኋላ አልንቀረፈፍም።"

እማዬ እኔ በተቀመጥኩበት፣ ሁለቱ ሴት ልጆቹ ከኋላ። ትንሿ ቀበቶ ሲያስሩላት የምታለቅሰው ናት።

"አሥር ነጥብ አራት አልነበረም" እለዋለሁ።

"ምኑ?"

ስልኬን አወጣለሁ። እከፍተዋለሁ። አራቱም ቁጥሮች ተደርድረዋል፤ ልማድ ሆኖብኝ የለካሁትን ሁሉ እመዘግባለሁ። ዘርግቼ አሳየዋለሁ። የመጨረሻውን ያያል። ከላይ ያሉትን ያያል። ተመልሶ የመጨረሻውን ያያል።

"ተሳስተሽ ነው የያዝሽው።"

"አልተሳሳትኩም።"

"እንዴ፣ ትሰሚዋለሽ አይደል እንዴ! በጆሮዬ እየሰማሁት?"

"ድምፁ ነው የጨመረው። ጉልበቱ አልጨመረም፤ እንዲያውም ቀንሷል። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲግል ደግሞ ይብስበታል።"

ፈገግታው ገና ከፊቱ አልወረደም፤ ከሥሩ ያለው ፊት ግን ተለውጧል።

"ታዲያ ለምን እንደዚያ አልሽኝ?"

ደስ እንዲልህ ብዬ ነው ልለው እችላለሁ። ቢሰማው ይቀልለዋል፤ ለእኔም ይቀልለኛል። እውነት ግን አይደለም።

"ቸኩዬ ነበር።"

ያየኛል። ከዚያ በስፖኪዮው ውስጥ የመጣንበትን ጫፍ ያያል፤ ረጅም ጊዜ። አንድ መኪና ይወጣል፣ ሌላ ይከተለዋል። ቁልፉን ዞር አድርጎ ሞተሩን ያጠፋል።

"ልጆቼን" ይላል። የቀረውን አይጨርሰውም።

በሩን ከፍቶ ይወርዳል። ወደ እኔ ሳይዞር፣ በሩን በመዳፉ ቀስ አድርጎ እስኪገጥም ይገፋዋል።