የወለቀው ቁልፍ

ቢሊሴ አዳማ ላይ የራሷን ልብስ ስፌት ቤት በከፈተችበት ቀን፣ እስከ ስድስት ሰዓት ደጇን የረገጠ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ፣ በዚያ ሙቀት ኮት ደርበው የገቡት ሙያውን ያስተማሯት አለቃዋ ነበሩ፤ ልትሰናበታቸው ስትሄድ ፊታቸውን ያዞሩባት። የሱቅን ገድ ይዞ የሚገባው የመጀመሪያው ደንበኛ ነው ይሉ የነበሩትም እሳቸው ናቸውና ልቧ ፈራ።

«ቁልፍ ወልቆብኝ ነው» ብለው ኮቱንና ቁልፉን ሰጧት።

«ጋሼ፣ ይቺን መትከል ለእርስዎ ከብዶ ነው?»

«አልሠራም ካልሽ ልሂድ።»

የቀረውን ክር ልትነቅል ጎንበስ አለች። ክሩ አርጅቶ የተበጠሰ አልነበረም፤ ጫፉ በመቀስ እኩል ተቆርጧል። ቀና ስትል፣ እንደ ስንብቱ ቀን ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረዋል። ዓይናቸውን ይሁን ላባቸውን እንጃ፣ በመሀረብ ይጠርጉ ነበር።