ጥላውን ያዢው

ኢሲክኩል ሐይቅ ዳር፣ አጎቴን ካልማትን ከፖም ዛፋችን ሥር አስቀምጬ በዘይት ቀለም እስለው ነበር። ለሥዕሉ ብሎ ጠዋት ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል።

መምህሬ ኤሰንጉል ከኋላዬ ቆመዋል። ነቀፋቸው ማለቂያ የለውም።

«ጥላው በዞረ ቁጥር አብረሽው አትዙሪ። አንዴ ያዢው!»

ያዝኩት። አጎቴ ግንባር ላይ ያረፈውን የቅርንጫፍ ጥላ እንዳለ ሸራው ላይ አሰፈርኩት።

«አሁን ሰው መሰለ» አሉ። «አንገቱ ግን ግንድ ነው። ድገሚው።»

ደገምኩት። ጆሮውንም፣ ከንፈሩንም አስደገሙኝ።

«ተቀምጬ ግንድ ልሆን ነው እንዴ!» አለ አጎቴ። «ልቀቁኝ፤ ባዝራዎቼ ሳይታለቡ ሊመሽ ነው።»

የሚመሽ ግን አይመስልም ነበር። ቀና ብዬ ሳይ፣ ጥላው ከግንባሩ ንቅንቅ አላለም። ደንግጬ የሳልኩትን ጥላ ላጠፋው ጨርቅ አነሳሁ። ዛሬ ጠዋት የቀባሁት ቀለም ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«እሱን ተይው» አሉ መምህሬ፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳይለውጡ። «ይልቅ ጢሙን ረስተሽዋል።»

ቀና አልኩ። የአጎቴ ጢም ደረቱ ድረስ ወርዷል።