ከመሃል የጠፋው ቀይ

ከብዙ ዓመት በፊት፣ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ላይ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት መሐንዲሶች፣ አንዲት ልጅና አንድ ባልደረባዋ፣ ሲጫወቱ ሰማሁ። ቃላቸውን ሁሉ አላስታውስም፤ ነገሩ ግን ከልቤ አልወጣም።

ወደ ልጅቷ ወንድም ተዝካር እየሄዱ ነበር። ነፍሱን ይማርና፣ በስኳር ፋብሪካ የሚያሠራው የሸንኮራ መጭመቂያ ዘንግ ተሰብሮ ነው የገደለው። ዘንጉ ደካማ ከነበረ ሟቹ ጥፋት የለበትም፤ ጤነኛ ከነበረ ግን መጭመቂያውን ሸንኮራ ከልክ በላይ አጉርሶታል፣ ጥፋቱም የራሱ ነው ማለት ነው። እህቱ ድፍኑን ዘንግ በኮምፒዩተር ሥላ፣ በጥቃቅን ቁራጭ ከፋፍላ፣ የተለመደውን የሥራ ጫና አሰላች። መሃሉ ቀልቶ ታየ፤ ቀይ ጫናውን የማይችል ቦታ ምልክት ነው። ደካማ ነበር ማለት ነው።

«አንቺ ልጅ፣ እንደ ድፎ ዳቦ እኮ ነው የቆረስሽው» አላት ባልደረባዋ ታፈረ። «ቁራጩ ሁሉ መሃል ላይ እንደ መርፌ ሾሏል። የሾለ ቁራጭ ይዋሻል፤ የሌለ ጫና ያሳያል። መሃሉን በካሬ፣ ዙሪያውን በቀለበት አድርጊው አላልኩሽም?»

«አደረግሁት።»

«እና ቀዩ?»

«ጠፋ፣ ታፈረ። ዘንጉ ጤነኛ ነበር።»

«እግዜር ያጽናሽ። እናትሽ ከፋብሪካው ሰዎች ከሚሰሙት አንቺው ንገሪያቸው።»

«የመጀመሪያውን ሥዕል አሳይቻታለሁ እኮ! ‹ልጄ ነጻ ወጣ› ብላ፣ ለገብርኤል የተሳለችውን ጃንጥላ በንግሡ ዕለት በእልልታ አስገብታለች።»

አውቶቡሱ ቆመ። መንገድ ዳር ነጠላዋን ያዘቀዘቀች አሮጊት ቆማ፣ በመስኮት እያየች ፈገግ አለች።

«እማዬ መጥታለች። እሺ» አለች ልጅቷ፣ «እነግራታለሁ።»