ከተዝካሩ በፊት

አበረ ወደ ወረታ ከተማ የመጣው ለአንድ የኑግ ወቅት ብቻ ነበር። የቄስ ትምህርቱን ትቶ ከመንደሩ ሲወጣ ሐሳቡ ጎንደር ገብቶ ዘመናዊ ትምህርት ለመማር ነበር። ስንቅ እስኪይዝ ብሎ በኑግ ነጋዴው በአቶ በላቸው መጋዘን መዛኝ ሆኖ ሚዛን ላይ ቆመ። ጢሙ እዚያው ሚዛኑ ላይ በቀለ። አብረውት ከመንደር ከወጡት አንዱ ወታደር፥ አንዱ አስተማሪ ሆነው በጭነት መኪና ሲያልፉ እጃቸውን ያወዛውዙለታል። እሱ የኑግ ገለባ ከጆሮው እየጠረገ ያያቸዋል።

ሥራውን ይጠላዋል። ሲነጋ ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው፤ ደብረወርቅ ትመጣለችና።

ደብረወርቅ ኑግ አበጣሪ ናት። በመስከረም አቶ በላቸው ራሳቸው ከይፋግ ይዘዋት መጡ። ከሌሎቹ አበጣሪዎች ጋር ትቀመጣለች፤ ጆንያ ግን አትሸከምም፥ አቶ በላቸው ከልክለዋል። ምሳ ሲቀርብ ይጠሯታል፤ ያጎርሷታል። ለኅዳር ሚካኤል ጥለት ያለው ቀሚስ አሠሩላት።

“አንተ አበረ፥” ይለዋል ጫኙ መንግሥቴ፥ “ኑጉን ነው የምትመዝን ልጅቱን?”

“ዝም ብለህ ጫን።”

“እኔማ እጭናለሁ። ሽማግሌው ግን ቀድሞሃል። ተዝካሩ ይውጣለት እንጂ ቤት ያስገባታል።”

ተዝካሩ የአቶ በላቸው ሚስት የወይዘሮ ሸዋነሽ ነበር። በሐምሌ ሞቱ፤ ሜዳው ውሃ ተኝቶበት ዘመድ መድረስ ስላልቻለ ተዝካሩ ወደ ጥር ተላለፈ። ልጅ አልወለዱም። ወንድሞቻቸው ግን ብዙ ነበሩ፥ ኃይለኞችም ነበሩ። በየገበያው ቀን መጥተው መጋዘኑ በር ላይ ይቀመጣሉ፤ ተዝካሩ እስኪወጣ የእህታችንን ድርሻ እንጠብቃለን ብለው የገባውንና የወጣውን ያያሉ። አቶ በላቸው እነሱ ባሉበት ድምፃቸውን አያሰሙም።

አንድ ቀን ሌሎቹ ሴቶች ውሃ ሲወርዱ አበረ ደብረወርቅን ብቻዋን አገኛት።

“ላገባሽ እፈልጋለሁ” አላት።

ዓይኗን ከወንፊቱ አላነሣችም። “ተዝካሩ እስኪያልፍ ታገሥ።”

“ከዚያ በኋላማ እሳቸው ምን እንደሚያደርጉ አገር ያውቃል።”

“ታገሥ አልሁህ። አሁን መናገር አልችልም።”

ፈገግ ብላ ነበር። አበረ ፈገግታዋን ማምለጫ የሌላት ምስኪን ፈገግታ አድርጎ ቈጠረው።

በሳምንቱ አቶ በላቸው ራሳቸው ጠሩት።

“አበረ፥ ከተዝካሩ በኋላ የምነግርህ ነገር አለ። እስከዚያ ወደ ሌላ ሥራ እንዳትሄድብኝ።”

“ስለ ምን ነው ጌታዬ?”

“ያን ጊዜ ትሰማለህ። እናትህ በሕይወት አለች?”

“አለች።”

“ደግ።”

ሚዜ ሊያደርገኝ ነው፥ አለ አበረ በልቡ። ሙሽራዋን በበቅሎ አስቀምጬ እኔው ላመጣለት። እንቅልፍ አጣ።

መላ ያገኘው ኑግ ሲመዝን ነው። ጠባቂ የሌለው ሰው የጡት ልጅ ይሆናል። ማር ይዞ ትልቅ ሰው እግር ላይ ይወድቃል፤ ያ ሰው አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ያጠባዋል። ከዚያ ወዲያ እንደ ወለደው ነው፤ ይድረዋል፥ ያወርሰዋል። በሰው ፊት የለመነን መመለስ ነውር ነው። አባት ደግሞ ልጁ የፈለጋትን ሴት አይነጥቅም። አበረ በመጀመሪያ ልጅ ይሆናል፤ ከዚያ ደብረወርቅን ዳሩኝ ይላል።

በገበያው ቀን ማር በቅል ይዞ መጣ። የወይዘሮ ሸዋነሽ ወንድሞች በር ላይ ተቀምጠዋል። ሻጩም ጫኙም ሞልቷል። አበረ ከአቶ በላቸው እግር ላይ ወደቀ።

“ያጥቡኝ፥ ጌታዬ። ልጅዎ ያድርጉኝ።”

የአቶ በላቸው ፊት ዐመድ መሰለ። “ተነሥ። ከተዝካሩ በኋላ አልሁህ እኮ።”

“አሁን ነው የምለምንዎ።”

“ሌላ ነገር ነበር ያሰብሁልህ።”

“ከዚህ ሌላ አልፈልግም።”

ከወንድማማቾቹ ታላቁ ሣቀ። “ምነው አማቻችን? ልጅ የለህ፥ ምን ትፈራለህ? ወይስ የደበቅኸን አለ?”

አቶ በላቸው ሴቶቹ ወደተቀመጡበት አዩ። ደብረወርቅ ወንፊቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቀርታለች። ሰዉ ሁሉ ይጠብቃል። ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነከሩ። አበረ ጠባ።

“እንግዲህ ዘሩ ዘርህ፥ አጥንቱ አጥንትህ ነው” አሉ ለገበያ ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ።

“አሜን” አለ አበረ።

ደብረወርቅ ተነሥታ ወጣች፤ ኑጉ መሬት ላይ ፈሰሰ። ደስታ ነው፥ አለ አበረ በልቡ። መንግሥቴ ትከሻውን መታው። “ሚዛኑን ለማን ትተወው፥ የጌታ ልጅ?” አለው። ከስንት ዘመን በኋላ አበረ ሥራው ላይ ሣቀ።

ተዝካሩ በጥር ተበላ። አበረ እንደ ልጅ ወገቡን ታጥቆ በዳሱ ሲያስተናግድ ዋለ። ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ወጡ። የወይዘሮ ሸዋነሽ ወንድሞች በልተው ጠጥተው፥ መርቀው በበቅሎ ሄዱ። አቶ በላቸው መንገዱ ላይ እስኪጠፉ ድረስ ቆመው አዩአቸው። ከዚያ ደብረወርቅን በእጃቸው ይዘው ወደ ዳሱ ገቡ። አልቅሳ ነበር።

አበረ ጊዜው አሁን ነው አለ። ተንበረከከ።

“አባቴ፥ አንዲት ልመና አለችኝ። ደብረወርቅን ይዳሩኝ።”

አቶ በላቸው የልጅቱን እጅ በእጁ ላይ አስቀመጡለት።

“ይፋግ ላይ በድብቅ የወለድኋት ልጄ ናት፤ ያመጣኋትም ለአንተው ልድራት ነበር” አሉት፤ “አሁንማ ምን ይደረጋል፥ እህትህን ሳማት።”