አርባ አንደኛው እርምጃ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ከውጭ ተቆለፈ።

የሆቴል ክፍል ነው። ሁለት አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የማይከፈት መስኮት። ስልኩ ከነገመዱ ተነቅሏል። ጠረጴዛው ላይ ትናንት አመሻሽ፣ ከአርባኛው እርምጃ በኋላ የተቋረጠው የቼዝ ጨዋታ እንደነበረ ተደርድሯል።

ደንቡ አጭር ነው። ጨዋታ ሲቋረጥ ባለተራው ቀጣዩን እርምጃ ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ፖስታ ውስጥ ያሽጋል፣ ለዳኛው ይሰጣል። በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፖስታው ይከፈታል። እስከዚያ ሁለቱም ወገን ይመረምራል።

ሻምፒዮኑ ፖስታውን ከማሸጉ በፊት ሃምሳ ደቂቃ አስቧል።

አብሮት የተቆለፈው የሚስቱ ወንድም ነው፤ የሒሳብ መምህር። ጨዋታዎቹን ሲመረምርለት አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ባለፉት ሁለት የተቋረጡ ጨዋታዎች ተጋጣሚው ምርመራቸውን በቃሉ የሸመደደ ይመስል መጥቶ አሸነፈ። የፌዴሬሽኑ ሊቀ መንበር መምህሩን እያየ፣ «ሌባው ከቤት ነው፤ ዛሬ ከተሸነፍን ስሙን ለጋዜጣ እሰጣለሁ» ብሎ ሁለቱን አስቆልፏቸዋል።

«ምን ጻፍክ ጋሼ?»

ሻምፒዮኑ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተጋድሟል። «ምን ያደርግልሃል?»

«ሳላውቅ ምኑን ልመርምር? ወታደሩን ገፋህ? ወይስ ንጉሡን?»

ሻምፒዮኑ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮው ሳበ።

«ወታደሩን በለው» አለ ከውስጥ ሆኖ።

«ታምነኛለህ አይደል?» አለ መምህሩ።

ሻምፒዮኑ እንቅልፍ ወስዶታል። ውድድሩ ከተጀመረ ከሦስት ሳምንት ወዲህ እንዲህ ሲያንኮራፋ ሰምቶት አያውቅም።

መምህሩ ብቻውን ቀጠለ። በፈረስ ሞከረ፤ ገደል። ንጉሡን አወጣ፤ ገደል። ምሳ በበሩ ክፍተት ሲገባ ሻምፒዮኑ ነቅቶ የሁለቱንም ሳህን ጠረገ።

«አንተ መምህር፣ በሬ እያለብክ ነው እኮ።»

«ላም ነበረች፤ ትናንት በሬ ያደረግካት አንተ ነህ።»

ሻምፒዮኑ ሳቀ።

ሰባት ሰዓት ላይ መምህሩ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ጋሼ! ና እይ!»

ወታደሩ ይገፋል። ከዚያ ፈረሱ በገዛ እጅ ይሰጣል። በምትኩ ንጉሡ ሰተት ብሎ ይገባል። «አሁን ተራው የተጋጣሚህ ነው። ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም፤ የነካው ሁሉ ደግሞ ይናድበታል። አለቀለት!»

«እንደገና አሳየኝ።»

አሳየው።

«እንደገና።»

በሦስተኛው ሻምፒዮኑ ራሱ በተጋጣሚው በኩል ተቀመጠ። ግማሽ ሰዓት ቀዳዳ ፈለገ። የለም። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይህን ማን አሳየህ?»

«ማን ያሳየኛል? አብሬህ አይደል እንዴ የተቆለፍኩት!»

ሻምፒዮኑ ተነስቶ በሩን በቡጢ ደበደበ።

«ክፈት! ዳኛውን ጥራልኝ!»

«ይቅርታ ጌታዬ» አለ ጠባቂው ከውጭ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዝንብ እንኳ እንዳትወጣ ተብያለሁ።»

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምነግረው!»

«ለእኔ ይንገሩኝና አደርሳለሁ።»

ሻምፒዮኑ መምህሩን ዞሮ አየው። ተመልሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

መምህሩ ፊት ለፊቱ ቆመ። «ልትከሰኝ ነው አይደል? እህቴ ትሙት፣ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

ሻምፒዮኑ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ጢም ብሏል። ሊቀ መንበሩ መምህሩን ከጎኑ አስቀምጦታል። መምህሩ ግን አልፈራም፤ ወታደሩ ብቻ ይገፋ፣ ሌላው ሁሉ በእጁ ነው። ዳኛው ፖስታውን በመቀስ ቆረጠ። ወረቀቱን አነበበ። ገልብጦ ጀርባውን አየ። እንደገና አነበበ። ከዚያ ወታደሩን ሳይነካ ሰዓቱን አቆመና ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ አሳየ።

በሻምፒዮኑ እጅ የተጻፈው አንድ ቃል ነው፦ «ተሸንፌያለሁ።»