ምርቃቱ ሳያልቅ

«አሚን በሉ!» አሉ አባባ። ሥራውን በነፃ ሊያግዝ ለጅጌ የመጣው ጎረቤት ከመንገዱ ላይ «አሚን!» ብሎ ተቀበላቸው።

አባባና ሼህ ሰይድ የአዲሱ ቤቴ የፎቅ በረንዳ ብረት ላይ ቆመው ነው የሚመርቁት። አባባ እንደሚሉት ምርቃት የሚይዘው ሲሚንቶው እየፈሰሰ ሲመረቅ ነው። ስለዚህ ባሬላው እየተመላለሰ እግራቸው ሥር ይደፋል። ባሌን ፈትቼ ንግድ ስገባ አኩርፈውኝ የነበሩት አባቴ፣ ገና ዛሬ ደጄን ረገጡ። ደስታዬን እኔ ነኝ የማውቀው።

ፎቁ ላይ አጠገቤ የቆመው ብረት አሳሪው ረመዳን ክርኔን ነካ አደረገኝ። «እትዬ አበቡ፣ የላይኛውን ብረት ረግጠው ጣውላው ላይ አስተኙት።»

«ቢተኛስ? ያው ብረቱ እዚያው አይደል?»

«በረንዳ ከሥሩ ምሰሶ የለውም። አንጠልጥሎ የሚይዘው የላዩ ብረት ነው። ታች ከቀረ አንድ ቀን ይገነጠላል።»

በረንዳው ሥር ልጄ የኔአለም ስፌት ቤት ልትከፍት ነው። ብርሃን ፍለጋ ደጁ ላይ ቁጭ ብላ ነው የምትውለው።

«ሲጨርሱ ብናነሳውስ?»

«ሲሚንቶው ከዋጠው በኋላ?»

ሌላ ባሬላ መጣ።

«ቁሙ!» ብዬ ጮህኩ። «አባባ፣ ይውረዱ! ብረቱን ረገጡት!»

ባሬላ የያዙት ባሉበት ቆሙ።

«እኔን ነው?» አሉ አባባ።

«ያረቢ! አንድ ቃል ነው የቀራቸው፣ ይጨርሱ እንጂ ልጄ» አሉ ሼህ ሰይድ።

«አንድም አይጨመር!» ምን ዓይነት ድምፅ እንዳወጣሁ እንጃ። እኔም ደነገጥኩ።

ወረዱ። ረመዳን ከነጓደኞቹ እርጥቡን እየዛቀ ብረቱን ያቃና፣ ከሥሩ ድንጋይ ያስደግፍ ጀመር። እኔ አባባን ተከትዬ በመሰላሉ ወረድኩ።

«አባባ፣ የልጅ ልጅዎ ላይ እንዳይወድቅ ብዬ ነው።»

«እኔ መርቄው ይወድቃል?»

የሰው ዓይን በላኝ። «በጉ ታርዷል፣ እባክዎ ቀምሰው ይሂዱ» አልኳቸው።

የኔአለም ምንም ሳታውቅ ማስታጠቢያውን ይዛ መጣች። ጎንበስ ብላ «አባባ፣ ይታጠቡ» አለቻቸው።

እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው አልፈዋት ሄዱ።